ሰው ለዘመዱ የሚልከው ጽሑፍ

ልጆቼ፣ ብሎግ የምትጽፉት ብዙዎቻችሁ ጽሑፌን ለምን ማንም ሼር አያደርገውም እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔም አንብቤው መልሼ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ይሄን ያነበበ ሰው ለማን ይልከዋል? ሼር የሚያደርግ ሰው እኮ ስሙን ነው የሚያሲዘው፣ ሊንኩን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ሲለጥፍ አይቼዋለሁ ይጠቅማችኋል እያለ ነው። ስለዚህ ስለ ዳያስፖራ ኑሮ ምናምን በጥቅሉ ከምትጽፉ፣ ከአሜሪካ ውክልና እንዴት እንደሚላክ ኤምባሲ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ እያላችሁ በቅደም ተከተል ጻፉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎት አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ይልክላታል፣ እሷም ለጎረቤቷ። አሰራሩ ሲቀየር ደግሞ አስተካክሉት፣ ያስተካከላችሁበትን ቀንም ከላይ አስቀምጡ፣ ሰው በአሮጌ መረጃ እንዳይጉላላ።

ርዕስ ላይ "ሰበር"፣ "ጉድ ተሰማ" የምትሉትን ነገር እባካችሁ ተዉት። ፌስቡክ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰው ከፍቶ ወዲያው የሚመለስበትን ሊንክ ወደታች እንደሚያወርድ አሳውቋል፣ ከዚያ የሚብሰው ግን አንዴ የተታለለ አንባቢ ሁለተኛ የእናንተን ሊንክ ለሰው አይልክም።

ብዙዎቻችሁ የማታዩት ነገር ደግሞ አለ፣ ሊንኩ ራሱ። የጽሑፉን አድራሻ በአማርኛ ስታደርጉት ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፣ አዲስ አበባ የሚለው ብቻ ከ50 በላይ የፐርሰንት ምልክትና ቁጥር ይሆንና ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ሰው ቫይረስ መስሎት ያልፈዋል፣ ስለዚህ አድራሻውን በላቲን አጭር አድርጉት፣ ርዕሱ በአማርኛ ይሁን። ኦፕን ግራፍ የሚባሉትን፣ ሊንኩ ሲለጠፍ አብረው የሚታዩትን ርዕስ፣ አጭር መግለጫና ፎቶ የሚወስኑትን ቦታዎችም ሙሏቸው፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው። ፎቶው 1200 በ630 ፒክስል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን ፋይሉን አቅልሉት፣ አንባቢያችሁ በፓኬጅ ነው የሚከፍተው።

በሼር የመጣ ጎብኚ ቶሎ ይሄዳል፣ መንገዱም የእናንተ አይደለም። ዲግ የሚባለው፣ ሰው የወደደውን ሊንክ በድምፅ የሚያስቀድምበት ሳይት፣ በአንድ ቀን ወደ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ይልክ ነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አሰራሩን ሲቀይር ተጠቃሚው ሬዲት ወደሚባለው ተመሳሳይ ሳይት ጎረፈ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ዋናው ንብረቱ በ500 ሺህ ዶላር ገደማ ተሸጠ። ፌስቡክም በ2018 እ.ኤ.አ. ከገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት አስቀደመ። እናንተ ከጽሑፉ ስር የቴሌግራም ቻናላችሁን ወይ የኢሜይል መመዝገቢያ አድርጉ፣ ዛሬ ከመጡት ጥቂቶቹ እንኳን ቢገቡ ቀጣዩን ጽሑፍ መጀመሪያ አንብበው ሼር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።