ለ1973ቱ ኢምፓላ የሚስማማው ካምሻፍት

ጥያቄ፦ «1973 ሥሪት ሼቭሮሌት ኢምፓላ አለኝ። ሞተሩ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 2.73 ነው። ጉልበት እንዲጨምርና በሚኒሞ ሲሠራ እንደ ውድድር መኪና እንዲያጉረመርም ትልቅ ካምሻፍት ላስገባለት አስቤአለሁ። የትኛው ይሻላል?»

መልስ፦ ያንን ጉርምርምታ እኔም እወደዋለሁ። ይሁንና ድምፁ የሚመጣው የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ሲረዝም ስለሆነ፣ በዚህ መኪና ላይ ከጠየቁት ጉልበት ጋር አይስማማም። ካምሻፍቱ፣ ማለትም በጉብታዎቹ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ትልቅ በሆነ መጠን የማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን ከገባው የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ከፊሉን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። የእርስዎ ሞተር የመጭመቅ ምጣኔ ከፋብሪካ ሲወጣም 8.5 ለ 1 ብቻ ነበር፤ ከዚያ ላይ የሚቀነስ የለውም። የ2.73 ዲፈረንሻል ደግሞ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ስለሚያሠራው፣ ትልቁ ካምሻፍት ጉልበቱን የሚያወጣበት ዙር ላይ በከተማ መንገድ እምብዛም አይደርሱም። በሚኒሞ ጊዜ ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ስለሚወርድ የፍሬኑ ፔዳልም ሊከብድ ይችላል።

የምመክርዎ ታፔቱ (የካምሻፍቱ ጉብታ የሚገፋውና ግፊቱን ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፈው ዕቃ) 0.050 ኢንች ከተነሣ በኋላ ሲለካ የማስገቢያው ቆይታ (ቫልቩ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ የሚዞረው መጠን) 204፣ የማስወጫው 214 ዲግሪ አካባቢ፣ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ማዕዘንም 112 ዲግሪ የሆነውን ነው። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ 350 ሞተሮች ውስጥ የገባው 195 እና 202 ስለነበረ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለዚህ መኪና ግን ልኩ ይህ ነው። ባለ ሁለት ጉሮሮው ካርቡራተርና ጠባቡ የጭስ ማውጫ ካልተለወጡ ግን ብዙ አይጠብቁ።

ገንዘብ ለመቆጠብ አሮጌዎቹን ታፔቶች መልሰው አያስገቡ። የካምሻፍቱ ጉብታ በጥቂቱ ዘንበል፣ የታፔቱ ፊትም በጥቂቱ ጎበጥ ብሎ የሚሠራው ታፔቱ በቦታው እየዞረ እንዲሠራ ነው፤ ከሌላ ጉብታ ጋር የተላመደ ታፔት መዞሩን ያቆምና አዲሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን የቫልቭ ሞላዎች፣ እንዲሁም ጥርሱ ናይለን የለበሰ የካምሻፍት ማርሽ ካገኙ እሱንና ካቴናውን አብረው ይቀይሩ።

ዚንክና ፎስፈረስ የበዛበት የማላመጃ ዘይት ይሙሉ፤ ሞተሩን በማስነሻ ብዙ ማዞር እንዳይኖርብዎት ካርቡራተሩን አስቀድመው በቤንዚን ይሙሉ። ሲነሣ በሚኒሞ አያቁሙት፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በ2000 እና በ2500 ዙር መካከል ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያሠሩት። መሐል ላይ ውሃ ቢያፈስ አጥፍተው ያስተካክሉ፣ ቀሪዋን ደቂቃ ይጨርሱ፣ ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ።