መልስ፦ መምህራንን ለከባድ አለርጂ ማሰልጠን

አዳማ ባለው ትምህርት ቤታችሁ የለውዝ አለርጂ ያለባት ተማሪ ስላለች መምህራኑ ምን ይሰልጥኑ ብለው ጠይቀዋል።

ከምልክቱ ጀምሩ። ለውዝ ያለበት ቆሎ ቀምሳ ከሽፍታው ሌላ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ራሷን ከሳተች አድሬናሊን የተባለው፣ ለከባድ አለርጂ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ወዲያው ይሰጣል። ብዙ ሰው የአለርጂ ክኒን ሰጥቶ ሲጠብቅ ነው ጊዜ የሚያልፈው፤ ክኒን ማሳከክን እንጂ የጉሮሮ እብጠትንና የደም ግፊት መውረድን አያቆምም።

መርፌው በጭን መሃል በውጭ በኩል፣ ጡንቻው ላይ ይወጋል። መጠኑ አስቀድሞ የተሞላበት፣ ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ የሚወጋው አውቶማቲክ መርፌ በልብስ ላይም ይሠራል፤ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.15፣ ከዚያ በላይ 0.3 ሚሊግራም ነው። መድኃኒት በሌለው መለማመጃ ደጋግመው ይሞክሩ፤ መርፌው የሚወጣበትን ጫፍ በአውራ ጣት የያዘ ሰው የራሱን ጣት ይወጋል። ያላችሁ አምፑል (በሲሪንጅ የሚቀዳ መድኃኒት የያዘ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) ብቻ ከሆነ ግን ለነርስ ተዉት። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ካለው አምፑል የ20 ኪሎ ልጅ ድርሻ 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በድንጋጤ መሳሳት ቀላል ነው።

ትጋደም፣ እግሯ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካስቸገራት ትቀመጥ። እስከ ባጃጁም ቢሆን ተሸክማችሁ እንጂ በእግሯ አትሂድ። በ5 ደቂቃ ካልተሻላት ሁለተኛ መርፌ፤ ቢሻላትም ሆስፒታል። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥም፣ በአዳማ ፀሐይ የሚግል መስኮት ሥርም አታስቀምጡ፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ የሚዞር ቁም ሣጥንማ ጭራሽ!