ገልብጣችሁ እዩት፦ ስለ ካርኒቫል ግላስ ለጠየቃችሁኝ

ስለ አሮጌ ዕቃ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ካርኒቫል ግላስ ናቸው። ደስ ይለኛል። እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ያርድ ሴል ላይ ብርቱካናማ ጎድጓዳ ሳህን ገዛሁ። ሳዞረው ሐምራዊም አረንጓዴም ይሆናል። ምንድን ነው? (አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ካርኒቫል ግላስ ሳይሆን አይቀርም። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አይተው ያውቃሉ? ልክ እንደዚያ ነው። የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቅርጽ ማውጫ ይጨመቃል። ገና እንደጋለ የብረት ወይም የቆርቆሮ ጨው ያለበት ፈሳሽ ይረጭበታል። ያ ስስ ሽፋን ነው ቀለሙን የሚያጫውተው። ፌንተን የተባለው ፋብሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1907 ጀመረው። ያኔ በእጅ የሚነፋው የቲፋኒ ብርጭቆ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ይኼኛው ለተራው ሰው ቤት ተሠራ። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው። «ካርኒቫል» የሚለው ስም የወጣለት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በየካርኒቫሉ ለጨዋታ አሸናፊ ይሸለም ነበር በሚል።

ሻጩ መቶ ዓመት አልፎታል ብሎ ማለልኝ። በምን ልመን? (ወንድማችሁ፣ ከአትላንታ)

መሐላውን ተወውና ዕቃውን ገልብጠው። ከስሯ የተሰመረባት የኤን ፊደል በክብ ውስጥ ካገኘህ ኖርዝውድ የተባለው ፋብሪካ ምልክት ናት። የዌስት ቨርጂኒያዋ ዊሊንግ ከተማ ኖርዝውድ ካርኒቫል ግላስ መሥራት በ1908 ጀምሮ በ1925 ተዘጋ። እኔ ወይንና ገመድ የተቀረጸበት የኖርዝውድ ሳህን አለኝ። ምልክቷን ያገኘኋት በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው፤ መሐል ላይ ስዳብስ ቆረቆረችኝ። ግን ተጠንቀቅ፤ እሷን የሚመስል ምልክት በኋላ በተሠሩ ዕቃዎች ላይም አለ። መስመሯን አጥርተህ እይ።

«አይ» እና «ጂ» ተደራርበው ካየህ ኢምፔሪያል የተባለው ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተጠቀመበት ምልክት ነው። በሞላላ ክብ ውስጥ «ፌንተን» ከተጻፈ ደግሞ ከ1970 ወዲህ ነው። ታዲያ ምልክት የለውም ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። የድሮው ፌንተን ብርጭቆው ላይ ምልክት አያደርግም ነበር። ብዙ ሰው የሚሸወደው በ1970ዎቹ ኢንዲያና ግላስ በገፍ ባወጣቸው የወይን ዘለላ ባለባቸው ዕቃዎች ነው። ቆንጆ ናቸው፣ ግን መቶ ዓመት አልሞላቸውም።

እኔ ኮሎምበስ ነኝ። ኦሃዮም ይሠራ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

እንዴታ! ኢምፔሪያል ራሱ የቤሌር ከተማ ልጅ ነው። የሚሌርስበርግ ከተማው ፋብሪካ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ፌንተንን ከወንድሙ ከፍራንክ ጋር የመሠረተው ጆን ፌንተን ተለይቶ ሄደና እዚያ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። 1909 ላይ ሥራ ጀመረ፤ 1911 ላይ ከሰረ። ከዚያች አጭር ጊዜ የተረፈው ዕቃ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ሰብሳቢዎችም ይሻሙበታል። ከተማችሁ አጠገብ የሆነ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ብትሰሚ አንቺ ቀድመሽ ድረሺ።

ቀለሙን እንዴት ነው የምለየው?

በላዩ ብልጭታ አትለዩ። እግሩን፣ ሽፋኑ ያልነካውን ቦታ፣ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩ። ሐምራዊ ከሆነ ሐምራዊ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ። ቀለም የሌለው ሆኖ ላዩ ብርቱካናማ ከሆነ «ማሪጎልድ» የሚሉት ነው። በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ቀዩ ብርቅ ነው።

ዲሽዋሸር ውስጥ ይገባል?

በፍጹም! ሽፋኑ ይገፈፋል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ከሥሩ ፎጣ አንጥፉ። የፈላ ውኃ አታፍሱበት፤ አሮጌ ብርጭቆ ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። ሽቦም አታስጠጉ።

ምግብ ይቀርብበታል ወይስ ለዓይን ብቻ ነው?

ወጥና ሎሚ ያለበት ነገር አላደርግበትም፤ ኮምጣጣ ነገር ለሽፋኑ ጥሩ አይደለም። ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አላስቀምጠውም። እሁድ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው የሚቀርበው በዚያችው ባለ ወይን ሳህን ነው። መስኮት አጠገብ ነው የማስቀምጣት። ፈንዲሻው እየጎደለ ሲሄድ ሐምራዊው ቀስ እያለ ይወጣል።