ኪሎ ሜትር ከመጨመርሽ በፊት ደብተርሽ ላይ እንቅልፍሽን ጻፊ

እህቴ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ተኝተሽ 11 ሰዓት ላይ ለመስቀል አደባባይ ልምምድ እንደምትነሺ፣ ከሁለት ወር ወዲህ እግርሽ እንደከበደሽና 10 ኪሎ ሜትር የምትጨርሺበት ጊዜ እንደረዘመ ጽፈሻል። «ልምምድ ልጨምር?» ላልሽው፣ እባክሽ አትጨምሪ። የጎደለሽ እንቅልፍ ነው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ለታላቁ ሩጫ ስዘጋጅ ካዛንቺስ እኖር ነበር። ከሥራ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ፤ እራት፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ሲባል እኩለ ሌሊት ይሆናል። ጎህ ሳይቀድ የአደባባዩን እርከኖች ከዳር እስከ ዳር ስመላለስ እግሬ ድንጋይ ይሆንብኛል። ስንፍና መስሎኝ ዙር እጨምር ነበር። በመጨረሻ ቅልጥሜን አሞኝ ሦስት ሳምንት ከሩጫ ውጭ ሆንኩ። አብረውን የሚሮጡ አንድ የቀድሞ አሠልጣኝ ደብተሬን አገላብጠው «የሮጥከውን ጽፈሃል፤ የተኛኸውስ የታለ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እጽፋለሁ። መጥፎ ሩጫ የተባለው ሁሉ ከአጭር ሌሊት ቀጥሎ የመጣ ነበር።

ሩጫ ጡንቻን ያደክማል፣ በጥቂቱም ይጎዳል፤ ጥገናው የሚካሄደው ስናርፍ ነው። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ 11 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት በየሌሊቱ 10 ሰዓት አልጋ ላይ ለመቆየት ሞክረው፣ የፍጥነት ሩጫቸው ከ16.2 ወደ 15.5 ሰከንድ ወርዷል። ለማንኛውም አዋቂ የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው፤ አንቺ በ5 ሰዓት እንቅልፍ እየሮጥሽ ነው።

መኝታሽን በአንዴ ለማስተካከል አትታገዪ። በየሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት እያስቀደምሽ 3 ሰዓት ተኩል አድርሺው። ቡና ተይ አልልሽም፤ ነገር ግን የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ማታ 1 ሰዓት የጠጣሽው እኩለ ሌሊት ላይም አብሮሽ ነው። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ስኒ አላነሳም። ቤተሰብ ተሰብስቦ በረካው ሲቀዳ «ይቅርብኝ» ማለትን እናቴ እስክትለምደው ድረስ ማታ ስልክ ከመተውም በላይ ከብዶኝ ነበር። ለጎረቤት ሙዚቃ የጆሮ መድፈኛ ረድቶኛል።

ሥራ አምሽቶብሽ 7 ሰዓት ከተኛሽ ደግሞ በማግስቱ 11 ሰዓት አትነሺ፤ የቀረውን ልምምድ ከሥራ በኋላ አቅልለሽ ሥሪው፣ ወይም ተዪው። የውድድር ዋዜማ እንቅልፍ እምቢ ቢልሽ ግን አትደንግጪ፤ የሳምንቱ ይበልጣል። እኔ በ3 ሰዓት እንቅልፍ ወጥቼ ካለፈው ዓመት 4 ደቂቃ ያሻሻልኩበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሌሊቶች በደንብ ተኝቼ ነበርና።

የከበደሽ ሁለቱም እግርሽ ነው ወይስ አንዱ? አጥንትሽ ላይ በጣት ሲጫኑት የሚያም ቦታ ካለ፣ ሩጫውን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።