አባቷ ራሱን ያጠፋባትን ልጅ ምን እንበላት?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ከአዘዞ ነው። ወንድሜ ራሱን ካጠፋ ሶስት ሳምንት ሆነው፣ ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው። ለ7 አመቷ ሁመራ ለስራ ሄዷል ብለናታል። የ15 አመቱ ግን ሁሉን ያውቃል፣ ለቅሶ ላይ አንድ ሰውዬ "ይሄማ ገሃነም ነው" ሲል ሰምቶ ከዛ ወዲህ ቤተክርስቲያን አልሄድም አለኝ። ፍትሐትም አልተደረገለትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሱን ይማርልን።

ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ነው፣ ይሄን አላለሳልስልሽም። ግን ያ ሰውዬ ያለውን የማለት ስልጣን ማንም አልሰጠውም፣ እኔም የለኝም፣ ፍርዱ የፈጣሪ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ አእምሮውን ስቶ ራሱን ስላጠፋ ሰው ተጠይቆ ካህኑ በደንብ አጣርቶ ይወቅ ነው ያለው። ስለዚህ ወንድምሽ እንቅልፍ አጥቶ ከነበረ፣ ብቻውን ያወራ ከነበረ፣ ታሞ ከነበረ ሳትደብቂ ሳትጨምሪ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ የአርባውንም ነገር ከሳቸው ጋር ተነጋገሪ። ለነዳያን ማብላት፣ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋ ሆኖ ማረን እያሉ መጸለይ ግን ማንም አይከለክልሽም።

ሁመራ ያላችኋትን ዛሬውኑ ተዉት፣ እባክሽ። ነገ ሰፈር ውስጥ ከልጆች ትሰማዋለች፣ ያኔ አባቷንም አንቺንም ነው የምታጣው። እቅፍ አርገሽ "አባዬ አእምሮው በጣም ታሞ ነበር፣ ህመሙ ሲበረታበት ራሱን ገደለ፣ ሞቷል፣ አይመለስም" በያት፣ እንዴት እንዳደረገው መዘርዘር አያስፈልግም። ተኝቷል አትበያት መተኛት ትፈራለች፣ እግዚአብሔር ወዶት ወሰደው ካልሻትም በፈጣሪ ትቀየማለች። ከሁሉ በላይ ግን "አንቺ ስላጠፋሽ አይደለም" የሚለውን ደጋግመሽ ንገሪያት፣ ምክንያቱም ህጻን ልጅ ያን ቀን ስላስቸገርኩት ነው ብላ በሆዷ ይዛ ትቀመጣለች ማንም ሳያውቅላት። አልቅሳ ወዲያው ልትጫወት ትወጣለች፣ አልገባትም ማለት አይደለም፣ የልጅ ሀዘን እንዲህ ነው፣ እየሄደ ይመጣል። አልጋ ላይ ብትሸናም አትቆጫት።

ልጁን በግድ ቤተክርስቲያን አትጎትቺው። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ያበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው። አንቺም አጠገቡ ሁኚ። ግን ከሰው ከራቀ፣ ስልኩን ይዞ በር ዘግቶ ከዋለ፣ ትምህርት ከተወ፣ ፊት ለፊት "አንተስ መሞት እያሰብክ ነው?" ብለሽ ጠይቂው። መጠየቅ ሀሳቡን አያስገባበትም፣ የያዘውን እንዲያወጣው ነው የሚረዳው። አዎ ካለሽ ለደቂቃም ብቻውን አትተይው፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ሁሉ ከቤት አውጪ፣ ያኑ ቀን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሃኪም ጋ ውሰጂው። ጸበል እያለ ሃኪም ምን ያረጋል የሚሉሽን አትስሚ፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሃኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ኤልያስንም ንገሪው፣ ያ ትልቅ ነቢይ ከዛፍ ስር ተቀምጦ ይበቃኛል ነፍሴን ውሰድ ብሎ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን አልተቆጣውም፣ እንጎቻና ውሃ ነው የላከለት፣ ተነስተህ ብላ ነው የተባለው። ቅዳሜ ከሰአት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ዛፉ ስር እቀመጣለሁ፣ ከፈለገ ይምጣና በእግዚአብሔር ላይ ያለውን ንዴት ሁሉ ይንገረኝ፣ ቢጮህብኝም አልቆጣውም፣ መቅደስ ግባም አልለውም።