ፍሬም የሚለየውና የማይለየው

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ አሸዋ ውስጥ ለሚገኘው የአጎቴ የጨርቅ ሱቅ በፓይዘንና በቲኪንተር (የፓይዘን የመስኮት መሥሪያ) የሽያጭ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። ሁሉንም ነገር በዋናው መስኮት ላይ በግሪድ (በረድፍና በአምድ በሚደረድረው ዘዴ) ስለደረደርኩት፣ የአድራሻ ሳጥኑን ባሰፋሁ ቁጥር ከሥሩ ያሉት አዝራሮች ይራራቃሉ። በፍሬም (ሌሎች ነገሮችን በሚይዝ ክፍል) ልከፋፍለው ስሞክር ደግሞ ፕሮግራሙ ግሪድና ፓክ (ነገሮችን ተራ በተራ ወደ አንድ ጎን የሚደረድረው ዘዴ) አይቀላቀሉም ብሎ ቆመ። «በጥሬ ገንዘብ» ወይም «በባንክ» የሚለውን ስመርጥም «በሜትር» ወይም «በጣቃ» የሚለው ምርጫዬ ይሰረዛል። ፍሬም ይህንን ይፈታልኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ይፈታል፣ የመጨረሻውን ግን አይፈታም። በግሪድ የአንድ አምድ ስፋት የሚወሰነው በውስጡ ባለው በጣም ሰፊ ነገር ስለሆነ፣ አድራሻው ሲሰፋ ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይጎተታል። የደንበኛውን መረጃ በአንድ ፍሬም፣ የጨርቁን ዓይነትና ልክ በሌላ፣ አዝራሮቹን በሦስተኛ ፍሬም ቢያስቀምጡ እያንዳንዱ የራሱ ረድፍና አምድ ስለሚኖረው አንዱ ሌላውን አይነካም። አጎትዎም ቢሆኑ ክርና ቁልፉን ከጣቃው ጋር በአንድ መደርደሪያ አይደረድሩም።

ስሕተቱ የመጣው፣ እንደምገምተው፣ ፍሬሙን ፈጥረው ሳለ ሳጥኖቹን ሲፈጥሩ በመጀመሪያ የሚጻፈውን የወላጅ (ሳጥኑ የሚቀመጥበት መያዣ) ስም ሳይለውጡ በመቅረትዎ ነው፤ ይህ ጀማሪም ልምድ ያለውም የሚሳሳተው ነገር ነው። ወላጁ አሁንም ዋናው መስኮት ከሆነ፣ ፓክ ያሉት ሳጥን ግሪድ ከያዘው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ቲኪንተር ደግሞ በአንድ ወላጅ ሥር ሁለቱን አይፈቅድም። በተለያዩ ፍሬሞች ውስጥ ግን አንዱን በፓክ፣ ሌላውን በግሪድ መደርደር ይቻላል።

ወደ ምርጫዎቹ ስንመጣ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ (በማይክሮሶፍት የመስኮት መሥሪያ) የሠራ ሰው በአንድ መያዣ ውስጥ ያሉ ራዲዮ በተኖች (ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ የሚመረጥባቸው አዝራሮች) በራሳቸው አንድ ቡድን እንደሚሆኑ ለምዷል። በቲኪንተር ግን ቡድኑን የሚወስነው የተያያዙበት ቫሪያብል (የተመረጠውን የሚይዝ ተለዋዋጭ) ነው፤ አራቱንም ከአንድ ቫሪያብል ጋር ካያያዟቸው፣ በአራት ፍሬም ቢበትኗቸውም አንድ ቡድን ናቸው። ለክፍያው አንድ፣ ለመለኪያው ሌላ ስትሪንግቫር (ጽሑፍ የሚይዝ የቲኪንተር ቫሪያብል) ይፍጠሩ። ሌብል ፍሬም በጠርዙና በርእሱ ቡድኑን ለዓይን ብቻ ይለያል፤ እሱንም ለሁሉም ክፍል ባይጠቀሙ ይመረጣል፣ መስመር የበዛበት መስኮት ያደክማልና።

የባንክ ዝርዝሩን ለብቻው በፍሬም ቢይዙት ሌላም ጥቅም ያገኛሉ፦ ደንበኛው በጥሬ ገንዘብ ሲከፍል ፍሬሙን በግሪድ ሪሙቭ ሲደብቁት በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮት ይሰወራል፤ መልሰው ግሪድ ሲሉትም የቀድሞ ቦታውን አይረሳም።