ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ሲቀር፦ የጓሮ ምድጃህን እሳት እንዲህ አስተካክል

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጓሮ ውስጥ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ደርድረህ፣ ፍርግርግ ጥለህበት፣ ከሥር እንጨት እያነደድክ ትልልቅ ሥጋ ትጠብሳለህ፤ ላዩ ያርራል፣ አጥንቱ አካባቢ ጥሬ ይቀራል፣ ጣዕሙም ይመራል። ቅመም ቀይር፣ ሥጋ ቤት ቀይር ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው። ሦስቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ እንጨቱ የሚነደው ሥጋው ሥር ነው። ትልቅ ሥጋ የሚበስለው በፍም ነው፤ ነበልባሉ ሌላ ቦታ ነዶ ይለቅ።

እንጨት ሲነድ መጀመሪያ እርጥበቱ፣ ቀጥሎ ሙጫና ዘይቱ በጭስ ይወጣል። ያ ወፍራም ነጭ ጭስ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ምላስ የሚያደነዝዝ ሽፋን ይሠራል፤ መራራው እሱ ነው። ፍም ከሆነ በኋላ ግን የሚቀርህ ሙቀትና ትኩር ብለህ ካላየኸው የማይታይ ሰማያዊ መሰል ጭስ ነው። የምትፈልገው ጭስ ይኼ ብቻ ነው።

ስለዚህ የፍም በርሜል ያስፈልግሃል። 200 ሊትር የሚይዝ የብረት በርሜል ፈልግ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበትን አትንካው፤ በግራይንደር ስትቆርጠው ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑን አንሳ፣ ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ዙሪያውን ብሳና ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አግድምና ቁልቁል አሳልፍበት፤ በዘንጎቹ መካከል 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ከሥር አካፋ የሚያስገባ በር ቁረጥ፤ አየሩም በዚያው ይገባል። እንጨቱ ፌሮው ላይ ይነዳል፣ ፍሙ እየተሰበረ ታች ይወርዳል፣ አንተ እየዛቅክ ትወስዳለህ። ሥጋ ከማሰብህ በፊት አንድ ጊዜ በደንብ አንድድበት፣ የበርሜሉ ቀለም ተቃጥሎ ይለቅ።

እንጨቱ የደረቀና ጠንካራ ይሁን፤ ወይራም ሆነ የፍራፍሬ ዛፍ ያገለግላል። ጥድና ባሕር ዛፍ ሙጫና ዘይት ስለሚበዛባቸው አይሆኑም። ቀለም የተቀባ ጣውላና ችፑድማ ጨርሶ አይታሰቡም። በነጭ ጋዝ ማቀጣጠልም ይቅር፤ ሽታው ሥጋው ድረስ ይከተልሃል።

አሁን ወደ ምድጃው። ሁለት ረድፍ ብሎኬት 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እንጨቱ ግማሹን ሲበላው ሥጋህ ከእሳቱ አንድ ስንዝር ብቻ ነው የሚርቀው። አራት ረድፍ አድርገው። ባለ 20 ብሎኬት (40 በ20 በ20) ከሆነ ለእያንዳንዱ ረድፍ በረጅሙ ጎን 3፣ በአጭሩ 2፣ በድምሩ 10 ይበቃል። የአንዱ ጎን መጨረሻ የቀጣዩን ጎን ራስ እየሸፈነ ይዙር፤ የሚቀጥለውን ረድፍ በተቃራኒው አዙር። እንዲህ ከሆነ ብሎኬት መስበር የለም፣ መጋጠሚያው አይደራረብም፣ ውስጡም 60 በ100 ይወጣልሃል። ስሚንቶ አያስፈልግም። ከታችኛው ረድፍ በሁለቱም አጭር ጎን አንዳንድ ብሎኬት አውጣ፤ ፍም የምትጨምረው በዚያ ነው። ከበላዩ ያለው እንዳይወድቅ ክፍተቱ ላይ ጠፍጣፋ ብረት አሻግር።

ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አንጥፍ፤ ፍሙ የሚነካውን የውስጥ ግድግዳ በሸክላ ጡብ ከልለው። ብሎኬት በቀጥታ ፍም ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ የጠጣ ከሆነማ እየተላጠ ይበተናል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ እሳት ለረጅም ሰዓት አድርገህ አድርቀው። የወንዝ ድንጋይ ግን በጭራሽ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል።

ፍርግርጉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይረፍ፤ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። 90 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 8 ፌሮዎች በወርዱ አጋድም፣ ከላያቸው ጥቁር የብረት መረብ። ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ወይም ቆርቆሮ እሳት ላይ አይውልም፤ ዚንኩ ሲቃጠል ጭሱ ሰው ያሳምማል። ከምድጃው በላይ የምትከድነውም ጥቁር ላሜራ ይሁን። አራተኛው ረድፍ ፌሮው ላይ ሲቀመጥ ጠባብ ስንጥቅ ይተዋል፤ አትድፈነው፣ ጭስ መውጫ ነው። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ብትገጥመው እሳቱ ይታፈንና ያ መራራ ጭስ ተመልሶ ይመጣል።

በርሜሉን ሥጋው ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀድመህ አንድድ። መጀመሪያ 4 ወይም 5 አካፋ ፍም በአራቱ ማዕዘንና በግድግዳው ዳር ዳር አሰራጭ፤ መሃሉ ባዶ ይሁን፣ እዚያ ውሃ ያለበት ትሪ አስቀምጥ። ስቡ የሚንጠባጠበው ትሪው ላይ ነው። ፍም ላይ ቢንጠባጠብ ነበልባል ይነሳል፣ ጥቀርሻው ሥጋው ላይ ይለጠፋል። ድንገት ከተነሳ ውሃ አትርጭ፤ አመዱ ቦንኖ ሥጋው ላይ ይቀመጣል። ፍሙን በአካፋ ወደ ዳር ግፋው፣ በቃ።

ከዚያ በየ20 እና 30 ደቂቃው አንድ ወይም ሁለት አካፋ ጨምር፤ ሥጋው የሚወፍርበት በኩል ይብዛ። ሙቀቱ ፍርግርጉ ላይ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለህ መዳፍህን በፍርግርጉ ከፍታ ያዝ፦ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ከቻልክ ደህና ነው፤ 3 ላይ ካነሳህ በጣም ሞቋል።

ለሥጋው ግን ቴርሞሜትር ግዛ፤ የዚህን ያህል ለፍተህ በግምት አትጨርስ። ዶሮ አጥንቱ አጠገብ 74 ዲግሪ ይድረስ። ፍርምባና የበግ ወርች 74 ላይ በልተህ ጎማ ሆነብኝ ብትል ገና ስለሆነ ነው፤ ጅማቱ ቀልጦ የሚለሰልሰው ከ90 በላይ፣ 95 ገደማ ሲደርስ ነው። 5 ኪሎ ፍርምባ በዚህ ሙቀት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። 70 አካባቢ ሲደርስ ቁጥሩ ለሰዓታት ቆሞ ይቀራል፤ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተደናግጦ እሳት ጨምሮ ያሳርረዋል። ከሥጋው የሚተነው ውሃ እያቀዘቀዘው ነው እንጂ እሳትህ አልደከመም። ወይ ጠብቀው፣ ወይ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለህ መልሰው።

ጨው ለ1 ኪሎ 12 ግራም፣ ማለትም 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ ከዋዜማው ቀብተህ ፍሪጅ አሳድረው። ስኳር ወይም ማር ያለበትን ቅባት በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀባ፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ያኔ ጥፋቱን እንደገና በእሳቱ ታሳብባለህ።

ስታወጣው ተጠቅልሎ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይረፍ። ፍርምባ ሁለት የሥጋ ሽፋን አለው፣ የጭረታቸው (የሥጋው ክሮች) አቅጣጫ ይለያያል፤ መሃል ላይ ስትደርስ ሥጋውን አዙረህ ከጭረቱ አግድም ቁረጥ።